እንጦጦ፦ በፍርስራሽ ላይ የተቆረቆረ ከተማ

የአዲስ አበባ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከፍል ውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታው ደስ አላቸው፤ ኅዳር 1879 ዓ.ም. ስም ወጣለት፤ ከዚያ ወዲያ መኳንንቱ ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ፣ ከተማውም እየሰፋ ሄደ። ይህን ትረካ ውሸት የሚለው የለም፤ ችግሩ ከመሀል መጀመሩ ነው። እንጦጦ በዚህ ትረካ ውስጥ ንጉሡ ለጥቂት ዓመታት ያደሩበት፣ ብርድ ያባረራቸው የጦር ሰፈር ብቻ ሆኖ ያልፋል። ዛሬ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ይዞ የጉለሌን ዳገት የሚጨርስ ሰው ግን የሚደርሰው ከአንድ በላይ ታሪክ በተደራረበበት ምድር ላይ ነው። ምኒልክ እንጦጦን የመረጡት ከፍታ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ከእሳቸው በፊት ሌሎች ነገሥታት የሠሩበት ቦታ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ የድንጋዩም ክምር ለዓይን ስለሚታይ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ በአገራችን አዲስ የምንለው ትልቁ ከተማ የተጸነሰው የጠፋ ነገር እንደ መመለስ ተቆጥሮ ነው ማለት ነው። የዚያ መመለስ ሐሳብ ምን እንደሠራና ምን እንደሸፈነ መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው ማስረጃ የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ መጽሐፍ ነው። እንደ እሳቸው አተራረክ ንጉሡ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በወጨጫ ተራራ ሰፍረው ሳለ የጥንቱ የዐፄ ዳዊት ከተማ በእንጦጦ እንደነበረ ተረዱ፤ የአሮጌው ሕንጻ ምልክትም ተገኘ፤ ስለዚህ ከተማቸውን ወደዚያ አዞሩ። እዚህ ላይ ወጨጫን ልብ ማለት ይጠቅማል። ወጨጫ ከእንጦጦ ዝቅ ያለ ተራራ አይደለም፤ ገደሉም፣ ሩቅ ማሳየቱም የሚያንስ አይደለም። ለጦር ሰፈር የሚሆን ከፍታ ብቻ ይፈለግ ከነበረ የሚፈለገው በእጅ ነበር። ሠራዊትን፣ ግቢን፣ የግብር አዳራሽን፣ ጎተራን ከአንድ ተራራ ነቅሎ ሌላ ተራራ ላይ መትከል ቀላል ሥራ አይደለም፤ ያንን ድካም የሚያስችለው በወጨጫ የሌለ በእንጦጦ ግን ያለ ነገር መሆን አለበት። በታሪክ ጸሐፊው አነጋገር ያ ነገር የአባቶች ፍርስራሽ ነው።

ይህን የሚቃወም ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው፣ መጽሐፉ የተጻፈው ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በቤተ መንግሥት ሰው ስለሆነ፣ የፍርስራሹ ወሬ ኋላ የተጨመረ ጌጥ ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው የጌታቸውን ክብር ከፍ ለማድረግ መጻፋቸው አያከራክርም። ነገር ግን በእንጦጦ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ኖሯል፤ ድንጋይ የፈለጠ፣ አጥር ያጠረ፣ እንጨት የለቀመ ሰው ተራራውን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ምንም ድንጋይ በሌለበት ቦታ የነገሥታት ከተማ ነበረ ብሎ መጻፍ በሕይወት ባለ ምስክር ፊት መዋሸት ይሆን ነበር። ጌጡ ተጨምሮ ይሆናል፤ የተጨመረው ግን በሚታይ ግንብ ላይ ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ ጠንከር ያለ ነው፦ በ1870 ዓ.ም. በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ የገበሩት ምኒልክ ከሰሜን ሊመጣ የሚችለውን ኃይል እያሰቡ፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብም እየዘመቱ ስለነበር የሸዋ መሀል የሆነ፣ ለመከላከል የሚመች ተራራ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ፍርስራሹ ቢኖርም ባይኖርም እንጦጦን ይይዙ ነበር ይላል። ይህ አባባል ምኒልክ ከአንኮበርና ከልቼ ወደ ደቡብ ለምን እንደመጡ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አያስረዳም። እቴጌይቱ በ1879 ፍል ውሃ ወርደው ከሠሩ፣ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 በመተማ ከወደቁ በኋላ፣ በተራራው ላይ የሚያስቀምጥ የጦር ምክንያት አልቀረም። ሆኖም ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትና ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም፣ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሰው መኖር የጀመረው ከታች ነበር፤ ዘውዱ ግን ከላይ ተጫነ። ሥርዓተ ንግሥ የት እንደሚፈጸም የሚወስነው ስለ ጠላት መምጫ ማሰብ አይደለም፤ የትኛው ምድር ንጉሥ ያነግሣል የሚለው እምነት ነው።

በተራራው ላይ ምን ነበረ? ከውጭ በሚመጣው ማስረጃ እንጀምር። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በሠራው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ የኢትዮጵያ ክፍል ለዘመኑ በሚያስደንቅ ሁኔታ በስሞች የተሞላ ነው፤ መነኩሴው ራሱ ስለዚህ አገር ያገኘውን ከዚያው ከተወለዱ ካህናት እንደተቀበለ በካርታው ላይ ጽፏል። ከእነዚያ ስሞች አንዱ ባራራ የሚባል የነገሥታት መቀመጫ ነው። ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላው የቬኒስ ሰው አሌሳንድሮ ዞርዚ ከኢትዮጵያ መነኮሳት አፍ የሰበሰባቸውን የመንገድ ዝርዝሮች ሲጽፍ ባራራ እንደገና ይነሣል፤ እነዚህን ዝርዝሮች እንግሊዛዊው ክሮፎርድ እ.ኤ.አ. በ1958 አሳትሟቸዋል። ሦስተኛው ምስክር ከሌላ ወገን ነው። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው የመናዊው አረብ ፈቂህ ስለ ዐፄ ልብነ ድንግል መቀመጫዎች ሲያወሳ ባራራን ከሌሎች ጋር ይጠራል፣ ስለ መጥፋቱም ይተርካል። አንድ ካቶሊክ መነኩሴ፣ አንድ የመንገድ ዝርዝር ሰብሳቢ፣ አንድ የሙስሊም ሠራዊት ታሪክ ጸሐፊ፤ ሦስቱ እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ የሚጽፉበትም ምክንያት የማይገናኝ፣ አንድ ስም ላይ መገናኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ላይ በምድሩ ያለው ይጨመራል። ከእንጦጦ ማርያም በምሥራቅ፣ በዚያው የተራራ ሰንሰለት በየካ በኩል ዋሻ ሚካኤል አለ። ሕዝቡ የአብርሃና አጽብሃ ሥራ ነው ይለዋል፤ አጥኚዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ዓለቱ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ዙሪያው እንደ ቦይ ከተቆረጠ በኋላ በመሀል የቀረው ድንጋይ ውስጡ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። በላሊበላ ያየነው ጥበብ ነው፤ ድንጋዩ ለስላሳ በመሆኑ ግን ዝናብ በልቶታል፣ ጣሪያውም ክፍት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለአንድ ክረምት በሰፈረ ሠራዊት አይሠራም፤ ለዓመታት የሚቀጥል ጉልበት፣ ጠራቢና ባለሞያ፣ ቀለብ የሚያቀርብ ገበሬ፣ ኋላም የሚያገለግሉ ካህናት ይፈልጋል። በዋሻ ሚካኤልና በእንጦጦ ማርያም መካከል ደግሞ በቅርብ ዘመን አጥኚዎች ትልቅ የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ ለይተዋል። ቅርጹ ባለ አምስት ማዕዘን ስለሆነ «ፔንታጎን» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ እንደተገለጸው ሥፍራው ወደ 30 ሄክታር ይሰፋል፣ 12 ማማዎች ያሉት ሕንጻና 520 ሜትር ያህል የሚረዝም ግንብ አለው፣ የግንቡ ከፍታ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አምስት ሜትር ማለት የሁለት ሰው ቁመት አልፎ መሄድ ነው። በባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ሣርና እሾህ የሸፈነው ይህን የሚያህል ግንብ ባለበት ተራራ ላይ የገብረ ሥላሴን «የጥንት ከተማ» እንደ ተረት መቁጠር አስቸጋሪ ይሆናል።

የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ይቃወማል፤ መቃወሙም ተገቢ ነው። የዚያ ዘመን ነገሥታት ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም፤ ድንኳናቸውን እየነቀሉ ከአውራጃ አውራጃ ይዞሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው ቤተ መንግሥት የድንኳን ከተማ ነው፤ የንጉሡ ድንኳን በመሀል፣ መኳንንቱ ግራና ቀኝ በማዕረጋቸው፣ የድንኳን ቤተ ክርስቲያኖቹም በየቦታቸው፤ ሲነሣም ሁሉም ይነሣል። ታዲያ ይህ ሁሉ በድንኳን ከሆነ የድንጋይ ከተማ ከየት መጣ? መልሱ ሁለቱ እንደማይጣሉ ማየት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። ዐፄ ልብነ ድንግል ራሳቸው ከአባታቸው የወረሱትን የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አስፈጽመዋል፤ የኢማሙ ሠራዊት ሲያቃጥለው ግርማውን የጻፈው ያው አረብ ፈቂህ ነው። ማለትም የሚዞረው ግቢ እየተመለሰ የሚያርፍባቸው የታወቁ ቦታዎች ነበሩት፤ በእነዚያ ቦታዎች ደግሞ ከድንኳን የሚዘልቅ ነገር ይሠራል፦ ቤተ ክርስቲያን፣ ግንብ፣ ገበያ፣ የመንገድ መገናኛ። ባራራን እንደ ዛሬ ዋና ከተማ ማሰብ አያስፈልግም። ነገሥታት ደጋግመው የሚመለሱበት፣ ነጋዴም መነኩሴም በስሙ የሚያውቀው የጸና ሰፈር ቢሆን ለዚህ ክርክር በቂ ነው።

ሌላው ጥያቄ የቦታው ማንነት ነው። እንጦጦ ራሱ ባራራ ነው ወይ? ሃርትቪግ ብሬተርኒትስ እና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ባራራን በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ባለው ምድር ፈልገውታል፤ ከእነሱ በኋላ እንጦጦን የሚደግፉ አሉ፣ የረርን የሚመርጡም አሉ። የገብረ ሥላሴ «ዐፄ ዳዊት»ም ቢሆን አንድ ሰው አይደለም፦ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነገሡት ቀዳማዊ ዳዊት አሉ፤ ልብነ ድንግልም ዳዊት ይባሉ ነበር። በሁለቱ መካከል መቶ ዓመት ገደማ አለ። የኔ አስተያየት ግን ይህ ክርክር በየትኛውም በኩል ቢፈታ ዋናው ነገር አይናወጥም የሚል ነው። ባራራ የረር ላይ ቢገኝ እንኳ የእንጦጦ ግንብ አይጠፋም፤ ከፍርስራሹ የተነሣ እንጦጦ እንደተመረጠ የሚናገረውም ማስረጃ አይፈርስም። ስሙ የሚያጓጓ ነው፣ በካርታ ላይ የታየ ስምን በምድር ላይ ማግኘት የማይፈልግ ተመራማሪ የለም። ነገር ግን ስሙን ለማግኘት ስንሮጥ ግንቡን ራሱን ማን ሠራው፣ መቼ ተወ፣ ከዚያስ ማን ኖረበት የሚለውን እንዳንረሳ እፈራለሁ።

ምክንያቱም በግንቡ መፍረስና በምኒልክ መምጣት መካከል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለ፤ ያ ዘመን ባዶ አልነበረም። የዛሬው የጉለሌ ክፍለ ከተማ ስም ራሱ ምስክር ነው፤ ጉለሌ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ነው፣ የካም እንዲሁ። ከተራራው ሥር ያለው ሸለቆ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ፍል ውሃው ከብት የሚጠጣበት፣ ሰውም የሚፈወስበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሻምበል ሃሪስ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ ፊንፊኔና ወደ የካ ባደረጉት ዘመቻ አብሮ ሄዶ ያየውን ጽፏል። ሸለቆው የለማ፣ መንደር የበዛበት፣ እህልና ከብት የሞላበት እንደነበረ ይገልጻል፤ ወዲያው ደግሞ ሠራዊቱ ገብቶ ቤቱን ሲያቃጥል፣ ከብቱን ሲነዳ፣ ሰውን ሲገድልና ሲማርክ ይተርካል። በኦሮሞ የቃል ታሪክ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የጉለሌው ቱፋ ሙና የዚያ ዘመን ሰው ነው፤ የሸዋን ነገሥታት መስፋፋት ተከላክሏል። የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ በበኩላቸው ሣህለ ሥላሴ በዚያ ምድር ቆመው የልጅ ልጃቸው ቤት ሠርቶ ከተማ እንደሚያደርገው ተንብየው ነበር ይላሉ። ያው ምድር፣ ያው ንጉሥ፤ በአንዱ መጽሐፍ ዘመቻ፣ በሌላው ትንቢት።

እዚህ ላይ ነው ከሁሉም የከበደው መቃወሚያ የሚመጣው። «የአባቶቻችን ፍርስራሽ» የሚለው ነገር መሬት ለመያዣ የተበጀ ማሳበቢያ ነው፤ በምድሩ የሚኖረውን ሕዝብ እንግዳ፣ የመጣውን ባለቤት ለማድረግ የተፈለገ ነው የሚሉ አሉ። ይህን አባባል በጥሞና መቀበል ይገባል። ፍርስራሹ እውነተኛ መሆኑና ፍርስራሹ ለፖለቲካ ማዋሉ እርስ በርስ አይቃረኑም፤ እንዲያውም ማሳበቢያው የሠራው ፍርስራሹ እውነተኛ ስለነበረ ነው። የግንቡን ድንጋይ ያስቀመጠው ማንም ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ትውልድ ያረሰውን፣ የሰፈረውን፣ ሙታኑን የቀበረውን ሕዝብ ርስት አይሽርም። ድንጋይ የማን እንደነበረ ይናገራል እንጂ ለማን እንደሚገባ አይፈርድም። በሌላው ወገን ደግሞ ቦታው ከ1870ዎቹ በፊት የከተማ ታሪክ አልነበረውም ብሎ ግንቡን መካድም ማስረጃን መጣል ነው። የጉለሌን ዳገት በእውነት የሚጽፍ ታሪክ ሦስቱንም ይጽፋል፦ የመካከለኛው ዘመንን ሰፈር፣ የኦሮሞን አገር፣ የምኒልክን ከተማ። አንዱን በመዝለል ሌላውን ማክበር አይቻልም፤ እስካሁን ግን በአብዛኛው የተጻፈው በዚያ መንገድ ነው።

የአንድ አገር መንግሥት የጥንት ፍርስራሽን ተከትሎ ከተማ ሲተክል የሚሆነውን ለማየት ግሪክን ማየት ይረዳል፤ በዚያም ነገሩ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት መንገድ ታይቷል። ግሪክ ከኦቶማን አገዛዝ ስትወጣ ወጣቱ ንጉሥ ኦቶን እ.ኤ.አ. በ1834 ዋና ከተማውን ከወደብ ከተማዋ ከናፍፕሊዮ አንሥቶ ወደ አቴና አዛወረ። አቴና በዚያ ጊዜ ጦርነት ያደቀቃት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የጠራው የአክሮፖሊስ ድንጋይ ነው። በዚያው ዓመት በኤቪያ ደሴት ዳርቻ፣ ፋርሶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ያቃጠሏት ጥንታዊት ኤሬትሪያ በነበረችበት ሥፍራ (ስሟ ከኤርትራ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ናት) ለአዲስ የባሕር ዳር ከተማ ፕላን ወጣ። ነዋሪዎቹ ስደተኞች ነበሩ፤ ደሴታቸው ፕሳራ እ.ኤ.አ. በ1824 በኦቶማን ጦር ተደምስሳ የሸሹ መርከበኞች ናቸው። ከተማይቱም በእነሱ አገር ስም «አዲስ ፕሳራ» ተባለች። ጀርመናዊው አርክቴክት ኤድዋርድ ሻውበርት የነደፈው ፕላን ለጥንቱ ክብር የሚመጥን፣ ቀጥ ባሉና በሰፊ ጎዳናዎች የተዘረጋ ነበር። ነገር ግን ጥንታዊት ከተማ የነበረችበት ሜዳ ከጊዜ በኋላ ረግረግ ሆኖ ነበር፤ ወባው ሰውን ፈጀ፣ ብዙው ሸሸ፣ ሰፊዎቹ ጎዳናዎችም ለረጅም ጊዜ ቤት አጡ። ፍርስራሹ ሰውን ይጠራል፤ ውሃው፣ አየሩና ማገዶው ግን የተጠራው ሰው ይኑር አይኑር ይወስናሉ። አቴና ቦታዋ ስለቻለ አደገች፤ ኤሬትሪያ ቦታዋ ስላልቻለ ቀረች።

እንጦጦ የኤሬትሪያን ዕጣ ነው ያየው። በ1879 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ እዚያ ነበር። ንጉሡ ከጨለንቆ ድልና ከሐረር መያዝ በኋላ ሲመለሱ ያየውን ጽፏል፦ በሐረር የተገኘውን የግብፅ መለከት የሚነፉ በፊት፣ ሠራዊቱና ምርኮው ከኋላ፣ ከምርኮው ውስጥም ብዙ ሰው የተሸከማቸው ሁለት የክሩፕ መድፎች። ያንን ብረት በዚያ ዳገት ላይ ማውጣት ምን ጉልበት እንደሚጠይቅ መንገዱን ያየ ይገምታል፤ መድፍ ብቻ ሳይሆን ለሺዎች የሚሆን እህል፣ ማር፣ ውሃና እንጨት በየቀኑ በሰው ጀርባና በአህያ ያንኑ ዳገት ይወጣ ነበር። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋና በሚያልፍ ከፍታ ላይ ብርዱ እሳት ይጠይቃል፤ እሳቱ ጥድና ወይራውን በላ። ግቢው ራሱ ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ በኖራ የተለሰነ፣ ሣር የለበሰ ቤት ነው፤ ዛሬም በማርያም ግቢ አጠገብ የሚታየው ያን ይመስላል። ተራራው ተራቆተ፤ ዛፍ ያለበት ቦታ እየራቀ፣ እንጨት እየተወደደ ሄደ። እቴጌይቱ ወደ ፍል ውሃ የወረዱት ለመታጠቢያው ብቻ አይደለም፤ ሜዳ፣ ውሃ፣ ግጦሽ፣ ቀለል ያለ አየር ከታች ነበር። ይህም ማለት የፊንፊኔ ሰዎች ቀድሞውንም መንደራቸውን ከታች ማድረጋቸው፣ ላዩን ተራራ ለከብትና ለዱር መተዋቸው የምድሩን ጠባይ ስለሚያውቁ ነው። በመጨረሻ የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተከተለው የእነሱን ፍርድ ነው፤ ይህን የሚያስታውስ ግን እምብዛም የለም።

መውረዱም ችግሩን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አልፈታውም። እንጨት የበላው ከተማ ከታችም እንጨት በላ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ከተማቸውን እንደገና ነቅለው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ ግንባታ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ያስቀራቸው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ከባሕር ማዶ የመጣው ዘር በፍጥነት አደገ፣ እየተቆረጠ ደግሞ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የከተማው ማገዶና የቤት ቋሚ እሱ ሆነ። እንጦጦም ከእግር እስከ ራስ ባሕር ዛፍ ለበሰ። ከተማን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የማንቀሳቀስ የቆየ ልማድ በአንድ ዛፍ ተቋረጠ ማለት ማጋነን አይመስለኝም፤ ዘርዐ ያዕቆብም ልብነ ድንግልም እንዲህ ያለ ዛፍ ቢኖራቸው ኖሮ ግቢያቸው ባልዞረ ነበር። ግን ያው ዛፍ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛ፣ የእንጦጦ ማርያምንና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናትን ዳገት ለአንድ መቶ ዓመት የሞሉት ጎንበስ ብለው ከሰውነታቸው የሚበልጥ የቅጠልና የጭራሮ እስር ይዘው የሚወርዱ ሴቶች ኑሮ በዚህ ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሁለተኛ፣ ሥሩና ቅጠሉ ግንቡን ከዓይን ሰወረው። ምኒልክ በተራቆተ ተራራ ላይ ያዩትን የድንጋይ ክምር ከእሳቸው በኋላ የመጣ ትውልድ በደን ውስጥ ሲያልፍ አላየውም፤ ለመቶ ዓመት ያህል የእንጦጦ ጥንታዊነት የመጽሐፍ ወሬ ሆኖ የቀረው ስለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ደኑ እንደገና እየተነካ ነው። የጉለሌ የዕፅዋት ማእከል በባሕር ዛፉ ፈንታ አገር በቀል ዛፎችን ሊመልስ ተቋቁሟል፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፍቶ መንገድ፣ መኪና ማቆሚያና መዝናኛ ተሠርቶበታል፤ በተራራው ጫፍም የኮከብ መመልከቻ አለ። እነዚህን የሚቃወም ሐሳብ የለኝም፤ ጥድና ወይራ ወደ ቦታቸው መመለሳቸው መልካም ነው። ነገር ግን ጉድጓድ የሚቆፍር ሁሉ፣ ለችግኝም ይሁን ለመሠረት፣ በዚህ ተራራ ላይ የሚቆፍረው ተራ አፈር አይደለም። በኤሬትሪያ የግሪክና የውጭ ተመራማሪዎች ቁፋሮ የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ስዊሶች እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሳያቋርጡ ይቆፍራሉ፤ ቤት የሚሠራ የከተማው ሰው መሠረት ከማውጣቱ በፊት አርኪዮሎጂስት ያየዋል። ነዋሪው ይማረራል፣ ሥራው ይዘገያል፤ ግን የትኛው ግንብ በየትኛው መቶ ዓመት እንደተሠራ ይታወቃል። በኛም አገር አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ግን የሚነቃው ነገሩ ከተነካ በኋላ ነው፤ እንጦጦ የሚያስፈልገው ከመነካቱ በፊት ነው። በግንቡ ሥር ያለው ከሰል በላቦራቶሪ ዕድሜው ሊለካ ይችላል፤ ከጭቃው ጋር የተረገጠው ገል የማን እጅ እንደሠራው ሊያሳይ ይችላል፤ በግንቡ ላይ የተጨመረው አፈር ከግንቡ መተው በኋላ ማን እንደኖረበት፣ ምን እንደዘራ፣ የትኛውን ከብት እንዳረባ ይናገራል። የመካከለኛውን ዘመን ሰፈር ዕድሜ ለማወቅ የሚቆፈረው ጉድጓድ የጉለሌ ኦሮሞን ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ነው የሚወርደው፤ ቆፋሪው የላይኛውን አፈር ወደ ታችኛው ድንጋይ ለመድረስ ብቻ እንደሚጣል ነገር ከቆጠረው ገብረ ሥላሴ የዘለሉትን ዘመን እሱም ይዘለዋል። ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያው ከላይኛው፣ ማንም ሊጽፈው ካልፈለገው አፈር ነው።